ካርቶኑን ተከትላ

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ብስኩት ጋጋሪዋ ሌላ ከተማ ካለችው ታናሽ እህቷ ጋር ስታወራ፣ አራት ዓመት የሞላት የእህቷ ልጅ ስልኩን ነጥቃ፣ «አክስቴ፣ ያንን የሚጣፍጥ አሸዋ ደግሞ መቼ ነው የምትልኪልን?» አለቻት።

ጋጋሪዋ አሸዋ ልካ አታውቅም። የምትልከው በባለቀለም ስኳር ያጌጠ ብስኩት ነው፦ ላባዋ አንድ በአንድ የተሳለ ወፍ፣ አንገተ ረጅም ቀጭኔ፣ መስኮቷ መጋረጃ ያላት ቤት። ወፏን ስትስል እጇ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሿን ትውጣለች። እህቷም ካርቶኑ በደረሰ ቁጥር ትደውልና፣ አንዱም አልተነካም፣ ለመብላት እየሳሳን ነው ትላት ነበር።

አሁን ግን እህቷ ስልኩን መልሳ ስትይዝ ተንተባተበች፤ ኋላም እውነቱን አወጣችው። አንድም ጊዜ ደህና ሆኖ የደረሰ ብስኩት የለም። ድቃቂውን በማንኪያ ሲበሉ ነው የኖሩት።

ጋጋሪዋ ከፋት። ግን ከቅያሜው ይልቅ አንድ ጥያቄ ልቧን ያዘው፦ የት ነው የሚሰበሩት?

ልብስ ሰፊው ባሏ፣ ሲያወርዱት ወርውረውት ነው አለ። ጎረቤቷ መንገዱን ወቀሰች። ካርቶኑን በጭነት መኪና የሚያደርሱትን ሾፌር ግን ማንም አልጠረጠረም። ሰው ሁሉ «ቀስ በቀስ» የሚላቸው አዛውንት ናቸው፤ እንቁላል በእግሩ ቢሄድ ቀድሟቸው ይደርሳል እየተባለ ይቀለድባቸዋል።

«አብሬው ብሄድስ?» አለች ጋጋሪዋ።

«ብስኩት ልትሸኚ?» አለ ባሏ እየሳቀ።

በማግስቱ ካርቶኑን እንደ ወትሮው አሽጋ ጭነት መኪናው ዘንድ ወሰደችው። ሾፌሩ ጭንሽ ላይ ያዥው ቢሏት እምቢ አለች፤ እንደ ሁልጊዜው ከወንበሩ ጀርባ፣ ከዕቃው መሐል እንዲቀመጥ ፈለገች። ከከተማው ሳይወጡ ዞር ብላ ጆሮዋን ካርቶኑ ላይ ደገፈች። ማንም አልወረወረውም፣ አስፋልቱም ልሙጥ ነው፤ ከውስጥ ግን ቅጭ፣ ቅጭ የሚል ድምፅ ይሰማል።

«ጋሼ፣ እባክዎ አንዴ ያቁሙልኝ።»

ሾፌሩ ጥግ ይዘው አቆሙ። ካርቶኑን ከፍታ ስታየው አንዱ ቀጭኔ ከወዲሁ አንገቱን ተቀልቷል። ብስኩቶቹ እንዳይፋጩ ብላ በመካከላቸው ክፍት ቦታ ትታ ነበር። እነሱ ደግሞ ቦታ ባገኙ ቁጥር እየተንሸራተቱ ይላተማሉ፤ ከላይ የተደረደሩትም የታችኞቹን ይጫናሉ። ጠላቱ መንገድ ላይ ሳይሆን ካርቶኑ ውስጥ፣ ያውም በገዛ እጇ የተቀመጠ ነበር። ሳታስበው ሳቀች።

ብስኩቶቹን አውጥታ ጀርባ ለጀርባ እያጣመረች በወረቀት ጠቀለለቻቸው፤ እንደ መጻሕፍትም በጠርዛቸው አቆመቻቸው። የቀረውን ክፍተት በአንገት ልብሷ ሞላች። አልበቃ ሲላት ሾፌሩ ጋዜጣቸውን አቀበሏት፤ የስፖርቱን ገጽ ግን ገና አላነበብኩም ብለው አስቀሩ። ካርቶኑን አንስታ ነቀነቀችው። ጭጭ አለ።

ጠጠር መንገዱ ላይ መኪናው ሲንገጫገጭ የእሷ ጥርስ ተፋጨ፤ ካርቶኑ ግን ትንፍሽ አላለም።

እህቷ በሩን ከፍታ ስታያት ካርቶኑን ትታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሲከፍቱት ከቀጭኔው ሌላ የተሰበረ አልነበረም። ልጅቷ ወፏን በሁለት እጇ ይዛ ስታገላብጣት ቆየች፤ አልነከሰቻትም።

ማጀት ሲገቡ ጋጋሪዋ ለምን እንደደበቀቻት ጠየቀች።

«ብነግርሽ ትተዪው ነበር» አለች እህቷ። «ካርቶኑን ስከፍተው ቤቱ ቫኒላ ቫኒላ ይሸታል። አንቺ የመጣሽ ይመስለኛል፣ እትዬ።»

«ነይ ብትዪኝ አልመጣም?»

«ምድጃሽን ጥለሽ?»

እህቷ እዚህ ከተማ ካገባች ወዲህ ጋጋሪዋ ደጃፏን ረግጣው አታውቅም። ልጅቷም የምታውቃት በድምፅ ብቻ ነው። ብስኩቱ በሄደ ቁጥር እሷም የሄደች እየመሰላት ኖራለች።

ሾፌሩ ለመመለስ ጥሩንባ ሲነፉ ወጥታ፣ ጋሼ፣ እርስዎ ይሂዱ፣ እኔ ትንሽ እሰነብታለሁ አለቻቸው። ለባሏም ደወለች።

ስትመለስ ልጅቷ ወፏን አፍንጫዋ ሥር ይዛ፣ የወፏ ዓይን በምን እንደተሠራ ጠየቀቻት። ጋጋሪዋ እጅጌዋን ሰበሰበችና ዱቄቱ የት እንዳለ እህቷን ጠየቀች።