ያልፈረመችው

ስመኝ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ልታሳርፍ ስትል መምሬ ይፍሩ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሆነው ጮኹ።

"ስመኝ! ያንን ወረቀት የነካ የተወገዘ ይሁን ተብሏል። እሑድ ቆመሽ ሰምተሻል!"

"ሰምቻለሁ አባ።"

"እንግዲያስ ጣትሽን ሰብስቢ!"

አልሰበሰበችም፤ አላሳረፈችም። ከኋላዋ ዶዘሩ ያጓራል። አዲሱ መንገድ የመቃብሩን ግማሽ ይወስዳል። ማዘጋጃ ቤቱ፣ የፈረመ የዘመዱን አፅም ዛሬ ያንሣ፣ ያልፈረመ እዚያው አስፋልት ይለብስበታል ብሏል። ካህናቱ ደግሞ የተባረከ አፈር በፊርማ አይለቀቅም ብለው አውግዘዋል። በዚህ መሐል እድላዊት አለች፤ በሰባት ዓመቷ ወባ የወሰዳት የስመኝ አንድ ልጅ። ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

"እትዬ ስመኝ፣ ይወስኑ እንጂ፤ ወረፋ አለ" አለ ኤፍሬም። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ነው፤ ማንጎ ዛፍ ሥር ጠረጴዛውን ዘርግቶ ላቡን ይጠርጋል።

"አንተ ክርስቲያን አይደለህም?"

"ነኝ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ።"

"አዲሱ መቃብር የት ነው?"

"ከኩልፎ ወንዝ ማዶ። ሰፊ ነው።"

"ቄስ አለው?"

"አጥር አለው።"

ስመኝ ወደ በሩ ዞረች። "አባ፣ ባልፈርም ዶዘሩን ያቆሙልኛል?"

"እግዚአብሔር ያቆመዋል።"

ቆም ብላ ጠበቀች። ዶዘሩ አንድ የድንጋይ መስቀል ገፍቶ ጣለ።

"ብፈርምስ፣ እዚያ መጥተው ጸሎት ያደርሱላታል?"

"ባልተባረከ መሬት? እንዴት ብዬ! አንቺም ግዝቱ እስኪፈታልሽ ደጁን አታልፊም።"

"እኔስ እሺ። እሷ ምን አጠፋች?"

መምሬ የእጅ መስቀላቸውን እያገላበጡ አቀረቀሩ። ስመኝ ጣቷን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያም ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

ቆፋሪዎቹ ብዙም አልደከሙም፤ የወጣውም ብዙ አልነበረም። ስመኝ ከላንቴ መንደር ሙዝ የምታመጣበትን የእንጨት ሣጥን አጥባ፣ ነጭ አቡጀዲ አንጥፋበት ነበር፤ አፅሙ ግማሹን እንኳ አልሞላውም። ተንበርክካ አፈሩን በጣቶቿ ታበጥር ጀመር።

"ምን ጠፋብዎት?" አለ ኤፍሬም።

"ማተቧ። እኔ ነኝ ያሰርኩላት።"

"እትዬ፣ ክር ዘጠኝ ዓመት አፈር ውስጥ ይቆያል?"

አንዴ ደግሞ አፈሰች፤ አንዴ ደግሞ አበጠረች፤ ምንም የለም። ከዚያ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደችና የራሷን ማተብ ትፈታ ጀመር። ቋጠሮው በላብ ጠብቋል፤ በጥርሷ ነክሳ ፈታችው።

"አንቺ ሴት!" አሉ መምሬ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። "ማተብሽን? ልትክጂ ነው?"

"እኔማ ተወግዣለሁ አባ" አለች፣ ቀና ሳትል። ክሩን ትንሿ አፅም ላይ ጠቅልላ ቋጠረችው፤ የጣቷ ቀለም አቡጀዲው ላይ ታተመ። "እሷ አልፈረመችም።"