በባልዲ የተሠራ ባሕር

ዘቢደር ከገበያ ስትመለስ ምንጣፉን ረገጠች፤ ጫማዋ ውስጥ ውሃ ገባ። ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ጨው ነው።

የሆነው ወዲያው ገባት። ሳሎን ያለው የዓሣ መስታወት ግማሹ ጎድሏል። ከማጣሪያው ውሃ ወደ መስታወቱ የሚመልሰው ቱቦ ተስቦ ወጥቶ ወለል ላይ ተጋድሟል። ቱቦው ላይ ደግሞ የአማቷ የእማማ ጥሩብርሃን እርጥብ ነጠላ።

«እማማ፣ ነጠላዎን እዚህ ነው ያሰጡት?»

እማማ ጥሩብርሃን ከጓዳ ብቅ አሉ። ለዓይናቸው ሕክምና ከመርጡለ ማርያም መጥተው ልጃቸው ቤት ካረፉ ሳምንት አልሞላቸውም። ቤቱን ግን ከወዲሁ እንደ ራሳቸው ያዙሩታል።

«ውጭማ ዝናብ ነው። ገመድ አይደለም እንዴ?»

«ቱቦ ነው።»

«ታዲያ ቱቦ ከሆነ ምን ያንጠለጥለዋል?»

ዘቢደር ማጣሪያውን ከሶኬት ነቀለችና ጎንበስ አለች። ሁለቱ ዓሣዎች በሕይወት አሉ። አውራ ጣት ያክላሉ፤ ብርቱካን መልክ ናቸው፤ ወገባቸው ላይ ነጭ መቀነት አላቸው። በቀረችው ውሃ ጥግ ይዘው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

ዓሣዎቹን ያመጣቸው ባሏ መሳፍንት ነው። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ከነባሕራቸው በጀሪካን አድርጎ፣ ጋቢና አስቀምጦ፣ እንደ ተሳፋሪ እያጫወተ ደብረ ማርቆስ ድረስ አደረሳቸው። ያኔ ሰፈሩ ሲስቅ ከረመ። ደጋ ላይ የባሕር ዓሣ! ሳምንት አይቆዩም ያላት ብዙ ነው። ዘቢደር ለሁሉም አንድ መልስ ነበራት፤ «እዚህ ይኖራሉ።» ኖሩም።

ውሃውን የሚቀይረው ግን መሳፍንት ነበር፤ በተመላለሰ ቁጥር ከባሕሩ ቀድቶ ያመጣል። አሁን መሳፍንት መንገድ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ያለው አንድ ከረጢት ጨው ብቻ ነው። የወጥ ጨው አይደለም፤ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የባሕር ውሃ የሚሆን፣ ምናልባት ቢያስፈልግ ብሎ ያመጣው። ዘቢደር ነክታው አታውቅም።

ደወለች።

«ግማሹ ውሃ ፈሷል።»

«እንዴት ሆኖ?»

«እናትህ ነጠላ አሰጡበት።»

መሳፍንት ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ተወው። «ዓሣዎቹስ?»

«አሉ። ማጣሪያው በዚህ ውሃ አይሠራም፤ ዛሬውኑ ካልሞላ ይሞታሉ። ጨውህን ልበጠብጠው ነው።»

«ዘቢዬ፣ እሱ ነገር አለው። ካልሆነልሽ ዓሣዎቹን ለይሄይስ ስጪው፤ ነገ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ዓሣ የሚያረባ ወዳጅ አለኝ እዚያ...»

«አልሰጥም።»

«እሺ፣ ስትበጠብጪው መጀመሪያ...» አለና መስመሩ ጠፋ። በረሃ ገብቷል። መልሳ ሞከረች፤ የለም።

መጀመሪያ ምን? ተወችው። ጨውና ውሃ መቀላቀል የሚያቅታት ሴት አይደለችም።

ውሃስ ነበራት። ከመስታወቱ በትነት የሚጎድለውን የምትተካው በዝናብ ውሃ ነው። የቧንቧው መድኃኒት አለበት፤ በዚያ ላይ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የጣሪያው ቆርቆሮ ዝጓል። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ጓሮ ውስጥ ንጹሕ ላስቲክ ትወጥርና ዝናቡን ከሰማይ ቀጥታ በርሜል ውስጥ ታወርደዋለች። ነሐሴ ነው፤ በርሜሉ አፉ ድረስ ሞልቷል።

አዲስ ትልቅ ነጭ ባልዲ አወጣች። የከረጢቱን ግማሽ ጨው ገለበጠችበት። እጅጌዋን ሰበሰበች። በጆግ ውሃ ጠብ አደረገችና በእጇ አሸት አሸት፤ ደግሞ ጠብ፣ ደግሞ አሸት። እንዳይጓጉል። ዱቄት ከታች፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ ከላይ። እጇ ከልጅነቷ የሚያውቀው ይኼንን ነው፤ ሳይጠየቅ ሠራው።

«እንዲህ ነው እንጂ! ደህና አድርገሽ ለውሺው» አሉ እማማ፣ በርጩማቸውን ስበው አጠገቧ ተቀምጠው።

ለወሰችው። ውሃ ሞላችበት። ወተት ሆነ።

ጠበቀች። መጠበቅ አትወድም፤ ግን ጠበቀች። ወተት እንደሆነ ቀረ። የባልዲው ግድግዳ ላይ ነጭ ዱቄት ተለጠፈ። እማማ «አጥልይው» አሉ፤ በንጹሕ ጨርቅ አጠለለችው። ጨርቁ ነጣ፤ ውሃውም እንደነጣ ቀረ። በእጇ አማሰለችው። ጭራሽ ባሰበት።

በዚህ መሃል ይሄይስ ጀሪካን አንጠልጥሎ መጣ። ጎረቤት ነው፤ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ልብስ ያመጣል፤ አፉ አያርፍም።

«ቤቶች! መሳፍንት ከበረሃው ደውሎ፣ ዓሣዎቹን ውሰድ እንዳለኝ መስመሩ ጠፋ። ሬሳው የታለ?»

«ሬሳ የለም» አለች ዘቢደር ቀና ሳትል።

ባልዲውን አየ። «ምንድን ነው፣ አጓት ነው? በፍልሰታ?»

«አፍህን ዝጋ።»

«እኔ እኮ ለእናንተ ብዬ ነው። ፍልሰታ ነው፤ ዓሣ ይበላል አይበላም ብላችሁ ከምትጣሉ ልውሰድላችሁ።»

እማማ ጥሩብርሃን ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «አንተ ምን ትላለህ፣ ይበላል?»

«እነዚህማ ለአንድ ጉርሻም አይበቁ፣ እማማ።»

«ጀሪካንህን በር ላይ አስቀምጥ፤ ቁጭ በል» አለች ዘቢደር።

«ልጠብቅ?»

«ጠብቅ። አትናገር።»

መስታወቱ ዘንድ ሄዳ አየች። አንደኛው ዓሣ ወደ ጎን ዘንበል ማለት ጀምሯል። ይኼን ወተት ብትጨምርባቸው ትገድላቸዋለች። ዝም ብትልም ይሞታሉ። ጀሪካኑ በር ላይ ተቀምጧል።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ልጄ» አሉ እማማ ባልዲው ላይ አጎንብሰው። «ሊጥ አስመሰልሽው እኮ። እርሾ ቢገባበት ይነሳል።»

ይሄይስ ሳቀ። ዘቢደር አልሳቀችም። እጇን አየች፤ እስከ ክንዷ ነጭ ነው፣ ልክ ቡኮ ላይ እንደዋለች።

ሊጥ። በሊጥ ወግ ነው የሠራችው።

ሁለት ብርጭቆ አነሳች። አንደኛው ላይ ጨው አደረገችና ውሃ ጠብ አደረገችበት። ሁለተኛውን መጀመሪያ ውሃ ሞላችው፤ ከዚያ ጨው ቆንጠር አድርጋ ጣል። መስኮቱ ላይ ደረደረቻቸው። የመጀመሪያው ነጭ ሆነ። ሁለተኛው ትንሽ ጭስ ጭስ አለ፤ ሲያማስሉት ጭሱ ጠፋ፤ በብርጭቆው ውስጥ የጎረቤት አጥርና አጥሩ ላይ የቆመው ዶሮ ታየ።

«አየህ?» አለች።

«ምኑን?» አለ ይሄይስ።

«ዶሮውን።»

ዘቢደር ገባት። ጨው ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ። በትንሽ ውሃ ካፈኑት ውስጡ ያለው እንደ ኖራ ያለ ነገር ይረጋል፤ ከረጋ ወዲያ የዓባይ ውሃ ቢመጣም አያሟሟውም። መሳፍንት «መጀመሪያ» ያለው ይኼን መሆን አለበት።

«የቀረሽ ግማሽ ከረጢት ነው» አለ ይሄይስ። አሁን አልቀለደም። «ይኼም ከተበላሸ...»

«አይበላሽም።»

«ከሆነልሽ ጥሩ። ካልሆነ ግን በጊዜ ብወስዳቸው...»

«ይሄይስ፣ ተነስ። ውሃ ቅዳ።»

ተነሳ። ሌላ ባልዲ አጠበች፤ ይሄይስ ከበርሜሉ እየቀዳ ሞላላት። ከመስታወቱ ማሞቂያውን አውጥታ ውሃው ውስጥ ነከረችው፤ የማርቆስን የነሐሴ ውሃ የባሕር ዓሣ አይችለውም። እማማ ማማሰያ ይዘው መጡ።

«ሽንኩርት ነክቶታል» አለች።

«ታጥቧል!»

«ሽንኩርት ነክቶታል፣ እማማ።»

እጇን በደንብ አለቀለቀችና በክንዷ አማሰለች። ውሃው ለብ ሲል ጨው መነስነስ ጀመረች። ወጥ ላይ ጨው እንደሚጨመር፤ ቆንጠር፣ ማማሰል፣ ማየት። የመጀመሪያው እስኪጠፋ ሁለተኛውን አትጨምርም። እንዲህ ያለ ሥራ ይገድላታል። ሙሉውን ገልብጣ መገላገል አማራት፤ ጥርሷን ነከሰች።

«ቶሎ ቶሎ በይ እንጂ» አሉ እማማ።

«እርስዎ ነጠላዎን ይጠብቁ።»

«ኤዲያ!» አሉ፤ ግን ደስ ብሏቸዋል።

ከረጢቱ ውስጥ መሳፍንት ያስቀመጠው የብርጭቆ መለኪያ ነበር፤ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃው ቀዩ መስመር ላይ ሲደርስ ጨው በቃ ማለት ነው። ጣል አደረገችው። ቀዩ መስመር ገና ከውሃው ሥር ነው።

«ጣዕሙን ይቅመሱልኝማ፣ እማማ።»

«ጾመኛ ነኝ! ቅዳሴ እንኳ አልወጣ።»

«እኔ ልቅመስ፤ ቁርስ በልቻለሁ» አለ ይሄይስ።

እማማ ጥሩብርሃን ቀስ ብለው ዞሩ። «ምን አደረግሁ ነው ያልከው?»

«ሆዴን አሞኝ... ሐኪም...»

«የትኛው ሐኪም?»

ዘቢደር አላዳነችውም። እንደገና ነሰነሰች፣ አማሰለች። መለኪያው ከፍ፣ ከፍ አለና ቀዩ መስመር ውሃው አፍ ላይ ቆመ። እጇን አወጣች። ውሃው እየተሽከረከረ ቆየ፤ ቀስ እያለ ረጋ። ባልዲው ሥር የፋብሪካው ፊደል አለ፤ ፊደሉ አንድ በአንድ ይነበባል።

እማማ ባልዲው ላይ አጎነበሱ። ሐኪሙ ገና መድኃኒት አልጀመረላቸውም። «መርፌ ብትጥይበት አየዋለሁ» አሉ።

ሲሆን ሲሆን ውሃው ማደር ነበረበት። ጊዜ የለም። ዘቢደር ስኒ ይዛ መስታወቱ ጥግ ላይ ቀስ እያለች አንቆረቆረች፤ ስኒ፣ ፋታ፣ ስኒ። ይሄይስ ባልዲውን ያዘላት። ውሃው ከፍ እያለ ሄዶ የማጣሪያው አፍ ተሸፈነ። ቱቦውን ወደ ቦታው መለሰች፤ በሽቦ ጠፍራ አሰረችው፤ ሶኬቱን ሰካች። ማጣሪያው አጉረመረመና ያዘ።

ዘንበል ብሎ የነበረው ዓሣ ቀጥ አለ። ጅራቱን አወዛወዘ። ከጥጉ ወጣ፤ ሁለተኛው ተከተለው። ፊት ለፊት መጥተው መስታወቱን ሊነኩ ደረሱ።

«አሁንማ ዲያቆን መሰሉ፤ መቀነታቸውን ተመልከት» አሉ እማማ። እስከዛሬ «ያ ጉድሽ» ነበር የሚሏቸው።

ይሄይስ ባዶ ጀሪካኑን አነሳ። «እንግዲህ ልሂድ።»

«በባዶ? ዝናቡ እየወረደ ነው። በርሜሏን አጉድለህባታል፤ ላስቲኩን ወጥርላት። ጾምህን በልተህ የለ፣ ጉልበት አለህ» አሉት እማማ።

ሳይከራከር ጓሮ ገባ።

ዘቢደር መዶሻና ሚስማር አመጣች። ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ከዓሣው መስታወት ርቆ፣ እውነተኛ ገመድ ዘረጋች። ነጠላውን ከወለል አነሳች፣ ጨመቀች፣ ሰቀለችው። ስልኩ ጮኸ። መሳፍንት ነው፤ ከበረሃው ወጥቷል።

«ለይሄይስ ሰጠሽው?»

«ሥራ ሰጠሁት።»

«ዓሣዎቹስ?»

«እዚህ ይኖራሉ።»

«ውሃው ጠራልሽ?»

«ጨው አምጣ» አለችውና ዘጋችው። ምንጣፉ ገና አልተጨመቀም።