ከሰኞ ጀምሮ ዝም ያለው ክፍል

አሰልጣኛችንን «አላርም» ነበር የምንላት። ማሽኑ አንዴ ሳይጮህ እሷ ሦስቴ ትጮሃለች። በዕድሜ ታናሼ ናት። ቢሆንም በመጀመሪያው ቀን በሰልጣኞቹ ሁሉ ፊት «ዐሥራ ስድስት ዓመት አዋላጅ ነበርሽ አሉ። እሱን ውጪ ጥለሽ ግቢ» አለችኝ። ያን ቀን ጠላኋት። አሁንም አልወዳትም።

ስልጠናው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን መንከባከብ ነው። ለአምስት ነርሶች አምስት ሕፃናት ተሰጡን። የኔዋ ኪሎ እንኳ አልሞላችም። በደሟ ያለው ኦክስጅን ከዘጠና በታች ሲወርድ ማሽኑ ይጮሃል፤ በጮኸ ቁጥር አላርም ደብተሯን አውጥታ በስማችን አንጻር ኤክስ ታደርጋለች። አምስት ኤክስ የሞላባት ወደ መጣችበት ትመለሳለች። እኔ በሁለት ሳምንት አራት ሞላብኝ።

በዚህ ዕድሜዬ ወድቄ ብመለስ የሥራ ባልደረቦቼን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ሰኞ ጠዋት የኦክስጅኑን ማዞሪያ ከሠላሳ በመቶ ወደ ስድሳ ከፍ አደረግሁት። ኦክስጅኑ ሲበዛ የሚጮኸውንም ድምፅ አጠፋሁ። መዝገቡ ላይ «ሠላሳ» ብዬ ጻፍሁ። የልጅቷ ቁጥር ዘጠና ዘጠኝ ላይ ቁጭ አለ፤ ማሽኑም ጭጭ። አላርም አልፋኝ ስትሄድ «ተመስገን» አልሁ፣ እኔ ቂሏ።

የበዛ ኦክስጅን ያልጠና ዓይን እንደሚያጠፋ ጠፍቶኝ አይደለም። እሷው አስተምራናለች። ግን ከልጅቷ ዓይን ይልቅ ደብተሩን ፈራሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት አላርም ማዞሪያውን አየችው። ቀስ እያለች ዝቅ ታደርገው ጀመር። አልጮኸችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አሁን» ብላት ማንም አያውቅብኝም፤ መዝገቡ ይመሰክርልኛል። ግን ሕፃናቱን የሚመረምረው የዓይን ሐኪም ልጅቷን ተራዋን ሳይጠብቅ የሚያያት እውነቱ ከተነገረው ብቻ ነው።

«ከሰኞ» አልሁ። «የጻፍሁት ውሸት ነው።»

«ቦርሳሽን ያዢና ውጪ። ሁለተኛ ሕፃን አጠገብ እንዳላይሽ።»

ደሜ ፈላ። «እወጣለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር መልሺልኝ። በዚህ ሳምንት እዚህ ክፍል ውስጥ ማሽን ሲጮህ ሰምተሻል?»

አላርም ወደ ጎረቤቴ ሕፃን ሄደች። እዚያ የቆመችው ሰልጣኝ አንገቷን ደፋች። አላርም ማዞሪያውን አይታ ዝቅ አደረገችው። ወደ ሦስተኛው አለፈች፤ እዚያም እጇ ወደ ታች ዞረ። አራተኛው ጋ ስትደርስ ደብተሩ ከብብቷ ወደቀ። አላነሳችውም።

«ለዓይን ሐኪሙ ደውይለት» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር። «አንድ ሕፃን ብለሽ እንዳትነግሪው።»