የእናትህ ስም ማን ነው?

ንጋቷ ለልጇ ለሙሴ ስሙንና ስሟን ለማስተማር ሁለት ክረምት ፈጀባት። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጅማ ወስዳ ያሳየችው ሐኪም ኦቲዝም አለበት ብሏታል። የልፋቷ ምክንያት አንድ ነው፤ ጠፍቶ ቢገኝ የማን ልጅ እንደሆነ ለሰው እንዲናገር። ማታ ማታ ሚዛን ተፈሪ ቤቷ ውስጥ የእግሩን ጭቃ በሳፋ እያጠበች "ስምህ ማን ነው?" ስትለው "ሙሴ"፣ "የእናትህ ስምስ?" ስትለው "ንጋቷ" ይላል። የመለሰላት ለት ጎረቤቱ ሁሉ እልል አለላት፤ እሷም ከእንግዲህ ልጄ አይጠፋብኝም ብላ እፎይ አለች።

ቴፒ እህቷን ልትጠይቅ ይዛው የሄደች ለት ግን መናኸሪያ ውስጥ ጠፋባት። ለእህቷ የያዘችውን አንድ ማዳበሪያ ጎደሬ ከአውቶቡሱ ጣሪያ እስኪያወርዱላት እጇን ለቆ ሄደ። ገበያውን እየጮኸች አካለለችው። ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ልታቅፈው ስትንደረደር ማቴዎስ የሚባል ፖሊስ መሐል ገባ።

"ቆይ እህቴ፣ ያንቺ ለመሆኑ በምን አውቃለሁ? የሰው ልጅ ይዞ የሚሄድ ሞልቷል።"

"ጠይቀው! ስሜን ያውቃል" አለች ኮራ ብላ።

ፖሊሱ ጎንበስ አለና "ማሙሽ፣ የእናትህ ስም ማን ነው?" አለው። ሙሴ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያያል። ራሷ ጠየቀችው፤ ያንኑ ያያል። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አለቀሰች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ፖሊሱ ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ሰድባው ይወጣላት ነበር።

በመጨረሻ ቢጨንቃት "እባክህ ውሃ በሳፋ ስጠኝ" አለችው። ግራ እየገባው የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ አመጣላት። ተንበርክካ የሙሴን ጫማ አወለቀችና እግሩን እያሸች ጠየቀችው።

"ስምህ ማን ነው?"

"ሙሴ።"

"የእናትህ ስምስ?"

"ንጋቷ።"

ማቴዎስ መታወቂያዋን ተቀብሎ ስሟን አነበበና ሳቀ። "ጎበዝ ልጅ ነው እኮ! ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ስጠይቀው ምን ያዘው?"

ንጋቷ የልጇን እግር በነጠላዋ ጫፍ እያደረቀች ነገሩ ገና አሁን ገባት። ስሟን የሚጠራው እሷ ፊቱ ተንበርክካ ስትጠይቀው ብቻ ነው። እሷ ካለች ደግሞ መቼ ጠፋና!

"እኔ የሌለሁ ለት…" ብላ ለፖሊሱ ጀመረች፤ ሳትጨርሰው ግን የልጇን ጫማ ማጥለቅ ያዘች።