የአንድ ዶላር ቅናሽ

ሎሬታ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ቆማለች። ካፖርቷን ለብሳለች፣ ለእህቷ የጋገረችውን የፖም ኬክ በጨርቅ ጠቅልላ መኪናዋ ውስጥ አስቀምጣለች። ባሏ ቨርሊን ግን ገና ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ነው። ስልኩን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ነጥብ ይቆጥራል።

"ስልሳ ሁለት ጎደለን" አለ።

"ቨርሊን፣ ዛሬ እንኳ ተወው።"

"ምኑን ነው የምተወው? ወሩ ዛሬ ማታ ያልቃል። ነጥቡም አብሮ ያልቃል።"

"አይሪን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትሄዳለች።"

"አውቃለሁ። ገና ጠዋት ነው። ሱፐርማርኬቱ በመንገዳችን ላይ አይደል እንዴ?"

በመንገዳቸው ላይ አልነበረም። ሎሬታ ግን በዚህ ክርክር በአርባ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ ስንቴ እንደተሸነፈች ስለምታውቅ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች። ታላቅ እህቷ አይሪን የምትኖረው ከወንዙ ማዶ፣ ኬንታኪ ውስጥ፣ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቃ ነው። ዛሬ ልጇ ኩርት ቤቷን ዘግቶ ወደ አሪዞና ሊወስዳት ነው፤ ብቻዋን መኖር አልቻለችማ። አእምሮዋ እየከዳት ነው። ባለፈው ሳምንት ኩርት ደውሎ "አክስቴ፣ አንዳንድ ቀን እኔንም 'አንተ የማነህ?' ትለኛለች፤ መሰናበት ከፈለግሽ እንዳይመሽብሽ" ብሏታል። ሎሬታ የምትለምነው ይህችን ብቻ ነው፤ እህቷ እያወቀቻት ልትሰናበታት።

ታዲያ ለምን ብቻዋን ተነስታ አትሄድም? መኪናዋ ባዶ ነበራ። ቨርሊን ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠብታ ቤንዚን አላስቀዳትም። የእሱ ፒካፕም ያው፣ መርፌው ቀዩ ላይ ተኝቷል። ቅናሽ የሚበላው ባዶ ታንክ ነው ባይ ነው ቨርሊን።

ነገሩ ሲሰሙት ደስ ይላል። የሃርግሮቭ ሱፐርማርኬት ለእያንዳንዱ የአስቤዛ ዶላር አንድ ነጥብ ይሰጣል። ሺህ ነጥብ ያጠራቀመ ደግሞ በሱፐርማርኬቱ ማደያ ሲቀዳ በየጋሎኑ አንድ ዶላር ይቀነስለታል። ግን አንዴ ሲቀዳ ብቻ፣ እስከ ሠላሳ አምስት ጋሎን። የማን መኪና ነው ሠላሳ አምስት ጋሎን የሚጠጣው? ስለዚህ የከተማቸው የሜሪዴል ሰው መላ አበጀ። ሁለት መኪና ተከታትሎ ይገባል። አንዱ ሲሞላ መቅጃው ወደ ቦታው ሳይመለስ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፤ ማሽኑም አንድ መኪና እየቀዳ ይመስለዋል። ለቀብር እንኳ የማይጠራሩ አማትና ምራት ለዚህ ሲሆን ይጠራራሉ።

ለነጥቡ ሲባል ቤት የገባውን ዕቃ ግን ማንም አይቆጥርም። የሎሬታ ማቀዝቀዣ በአሳማ ሥጋ ተጨናንቆ በረዶ መሥሪያ ቦታ አጥቷል። ምድር ቤት ውስጥ የድመት ምግብ በካርቶን ተደርድሯል፤ ድመት የላቸውም። "እጥፍ ነጥብ ነበረው" ብሏት ነበር ቨርሊን፣ ያኔ። ሠላሳ ዓመት የወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ አንዲት ብሎን ያላባከነ ሰው ነው እንግዲህ ይህ።

በየመኪናቸው ሃርግሮቭ ደርሰው እሱ ስልሳ ሁለት ዶላር ሊያጠፋ ገባ፤ እሷ ውጭ ቀረች። ሲመለስ የሚገፋው ጋሪ ላይ አንድ ትልቅ የአሳማ ጭን፣ ሁለት ካርቶን የድመት ምግብና የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሳሙና ነበር።

"የዕቃ ማጠቢያ ማሽን አለን እንዴ?" አለችው።

"ሳሙና አይበላሽም።"

ማደያው ጋ ሲደርሱ ሰልፉ ተጠማዞ መንገድ ወጥቷል። ወር ሲያልቅ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ነጥቡ እንዳይሞትበት የከተማው ሰው ሁሉ ይወጣል። ቨርሊን በፒካፑ ከፊት፣ ሎሬታ በመኪናዋ ከኋላው ተሰለፉ። ሰልፉ ትንሽ ይላወሳል፣ ይቆማል። ሰው ሞተር እያጠፋ እያስነሳ፣ ቤንዚን ለመቆጠብ ቤንዚኑን ያቃጥላል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ማደያ ወለል ብሎ ባዶ ነው።

ሎሬታ ሰዓቷን ስታይ ስድስት ተኩል ሆኗል። ወርዳ የፒካፑን መስኮት አንኳኳች።

"ማዶ ቀድተን እንሂድ።"

ቨርሊን ቀና ብሎ የማዶውን የዋጋ ሰሌዳ አየ፤ ፊቱ ጥርስ እንዳመመው ሰው ተጨማደደ። "ሦስት ከሃምሳ ዘጠኝ። እዚህ እኮ በሁለት ከአርባ ዘጠኝ ነው የምቀዳው።"

"አንተ ሰውዬ፣ እህቴ እየሄደችብኝ ነው።"

"ሦስት መኪና ብቻ ነው የቀረን፣ ሎሪዬ። እስካሁን ቆመን አሁን ብንወጣ አያንገበግብም?"

ይህች ናት ሰውን የምታስረው። የቆመበትን ሰዓት ላለማባከን ሌላ ሰዓት ይጨምርበታል። ሎሬታ ተመልሳ ገባች፤ መሪውን ጨብጣ ጥርሷን ነከሰች።

ተራቸው ደረሰ። ቨርሊን ካርዱን አስገባ፣ የስልክ ቁጥሩን ነካካ፤ በየጋሎኑ አንድ ዶላር መቀነሱን ማሽኑ አሳየ። ዘወር ብሎ አውራ ጣቱን አሳያት። ለዚያች ቅጽበት ደስ ብሎት ነበር፤ ሎሬታም በንዴቷ መሃል አይታዋለች። መቅጃውን ፒካፑ ውስጥ ሰክቶ ገና አራት ጋሎን ሲገባ፣ ከጎን ካለው መኪና የድሮ የፋብሪካ አለቃው፣ ሚስተር ስታውት፣ ወረደ። ዘጠና ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከዘራውን ተመርኩዞ እጁን ዘርግቶ መጣ።

ቨርሊን ትልቅ ሰው እጅ ሲዘረጋለት በቤንዚን እጅ የሚጨብጥ ሰው አይደለም። መቅጃውን ነቀለ፣ ቦታው ላይ ሰቀለ፣ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገና የአለቃውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ማሽኑም ቀድቶ የጨረሰ መስሎት አመሰገነና ደረሰኝ አወጣ፤ ቅናሹ በዚያው አበቃ።

ሎሬታ ከመስታወቱ ጀርባ ሁሉንም አየች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። የወር ነጥብ፣ የጠዋት ሰልፍ፣ አንድ ማቀዝቀዣ ሥጋ፣ ሁሉም ለአራት ዶላር።

ቨርሊን ደረሰኙን ይዞ ወደ መስኮቷ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ይስተካከላል። ውስጥ ገብቼ ኃላፊውን አናግራለሁ። አምስት ደቂቃ።"

"ቨርሊን።"

"አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ሎሪ። ሺህ ነጥብ እኮ ነው።"

ገባ። በመስታወቱ ውስጥ ደረሰኙን እያወዛወዘ ለአንዲት ወጣት ሲያስረዳ ይታያል። ከኋላ ቫን ውስጥ ያለችው ሴት ጥሩምባዋን ነፋች። ሎሬታ ወርዳ ወደ እሷ ሄደች።

"እመቤቴ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብትይልኝ እወጣለሁ።"

"ተራሽን ልትለቂ?" አለች ሴትየዋ፣ ጤንነቷን ተጠራጥራ።

"ለአንቺ ለቅቄያለሁ።"

ማዶ ተሻግራ በሦስት ከሃምሳ ዘጠኝ ጢም አድርጋ ሞላች። ቁጥሩ ሲሮጥ እያየች ምንም አልተሰማትም። መውጫው ላይ ስልኳ ጮኸ።

"የት ሄድሽ?" አለ ቨርሊን።

"ማዶ ነኝ። ቀድቻለሁ፤ እየሄድኩ ነው።"

"በስንት ቀዳሽ?"

ስልኩን ዘጋችው።

መንገዱን ሙሉ አፏ አልተዘጋም። ለባዶው ወንበር ተናገረች። ይህ ሰውዬ በአንድ ዶላር ዕድሜዬን ሸጠው አለች። እኔን ከእህቴ የለየኝ እሱና ነጥቡ ናቸው አለች። ቤት ስትመለስ የምትለውን ቃል በቃል አዘጋጀች፤ ድልድዩን ስትሻገር ጥሩ አድርጋ በቃሏ ይዛዋለች።

ስትደርስ የኩርት መኪና ሞተሩ ተነስቶ ጓሮ በር ላይ ቆሟል። አይሪን ከፊት ወንበር ላይ፣ ብርድ ልብስ ጉልበቷ ላይ ጣል ተደርጎላት ተቀምጣለች። ሎሬታ ሮጣ መስኮቱ ጋ ቆመች። እህቷ አየቻት፣ ቆይታም አየቻት።

"ሎሪ" አለች አይሪን፤ "ፀጉርሽን ማን ነው እንዲህ ያበላሸብሽ?"

ሎሬታ እየሳቀች አለቀሰች። ኬኩን እቅፏ ውስጥ አስቀመጠችላት፣ እጇን ያዘች። የእናታቸውን ቤት አነሱ፣ ልጅ እያሉ ከአይሪን ካፖርት ላይ የጠፋውን አዝራር አነሱ።

"ነጥቡ ሞላ ማለት ነው?" አለች አይሪን ድንገት።

"የምን ነጥብ?"

"እኔ ምን አውቄ። በደወልሽ ቁጥር 'ነጥቡ ሲሞላ እመጣለሁ' ትይኛለሽ። ለልደቴም አልሞላም፣ ለፋሲካም አልሞላም። በሽታ ይዞሽ የደበቅሽኝ መስሎኝ ነበር። ኩርትን ብጠይቀው የቤንዚን ነገር ነው አለኝ።"

ኩርት ዘወር ብሎ የታሰረውን ሻንጣ እንደገና ያስር ጀመር።

ሎሬታ ያን ሁሉ መንገድ ያዘጋጀችው ንግግር ለቨርሊን ነበር። ለአይሪን ይደውል የነበረው ግን ቨርሊን አልነበረም። ያን ቃል የተናገረችው በራሷ አፍ ነው፤ አንዳንዴም፣ እውነቱን ለመናገር፣ መንገዱ ሰልችቷት ነጥቡ ባለመሙላቱ ደስ ብሏታል። አፈረች፤ ፊቷ እስኪግል አፈረች።

"በሽታ አይደለም" አለች።

"እግዚአብሔር ይመስገን።" አይሪን እጇን ጠበቅ አደረገች። "አሪዞናስ ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ።"

"መቼ?"

"በሚቀጥለው ወር። ወሩ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት።"

አይሪን ትክ ብላ አየቻት፤ ልጅ እያሉ ሎሬታ ስትዋሽ እንደምታያት።

"ይሁን" አለች። "እስከዚያ ካወቅሁሽ።"