ስልሳኛው ውሻ

"መንገድ ልቀቁ! ልቀቁልኝ እንጂ!"

አቶ ገብረወልድ የእንስሳት ክሊኒኩን በር በትከሻቸው ገፍተው ሲገቡ በጆንያ የተጠቀለለ ውሻ አቅፈው ነበር። ከቦንጋ ገበያ ጀምሮ የተከተሏቸው ሰዎች ድንጋይ እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ።

"አብዷል! ይገደል!" አለ አንዱ።

"አላበደም! ከመንደሬ ከማንኪራ ድረስ ታቅፌው ስመጣ እኔን አይነክሰኝም ነበር?" አሉ ሽማግሌው ትንፋሽ እያጠራቸው።

የእንስሳት ጤና ረዳቷ ሩሀማ ጓንቷን አጥልቃ ወጣች። ውሻው መሬት ሲነካ ለመቆም ሞከረ፤ እንደ ሰካራም ዞረና በገዛ ትውከቱ ላይ ወደቀ። ሽታው አፍንጫዋን ሰነፈጣት። ከደሴ ተመድባ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የላምና የበግ ቁስል ለምዳለች፤ የውሻ ልጋግ ግን ዛሬም ያንገሸግሻታል። ይህንንም ከማንም አትደብቅም።

"ስንት ዓመቱ ነው አባቴ?"

"አሥራ አራት። መከታ ነው ስሙ። በቆሎዬን ከዝንጀሮ፣ ከከርከሮ የጠበቀ እሱ ነው። ማታ ደህና በላ፤ ጠዋት እንዲህ ሆነ። ምን በደልኩት ልጄ? ያበላሁት ነገር ይሆን?"

"እርስዎ ምንም አልበደሉትም" አለችና ተንበረከከች።

የውሻው አንገት ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፤ ዓይኖቹ ግራና ቀኝ ይርገበገባሉ። ውሃ በጣሳ ስታቀርብለት አፉ እየሳተበትም ቢሆን ጠጣ። ሽማግሌው በስሙ ሲጠሩት ጅራቱ መሬቱን ሁለቴ መታ።

"እብደት አይመስለኝም" አለቻቸው። "ያረጁ ውሾችን ድንገት የሚጥል የራስ ማዞር አለ፤ ብዙዎቹ ቀስ በቀስ ይሻላቸዋል። ግን እርግጠኛ እንድንሆን አሥር ቀን ታስሮ መታየት አለበት። እስከዚያ በእጅዎ አያጉርሱት። እስቲ ቁስል ካለ እጅዎን ልይ።"

እጃቸውን ገለባብጠው አሳዩዋት። ጤነኛ ነበር። "መቶ ቀንም ይሁን እጠብቃለሁ" አሉ።

የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ኢሳያስ ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ ወደ በረንዳው ብቅ አለ።

"ልጋጉን አታዪም እንዴ? መርዙን ስጪውና መዝግቢ።"

"ባለቤት አለው አቶ ኢሳያስ። ያበደም አይመስለኝም።"

ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ሳባት። "ስሚ፣ የባዘኑ ውሾችን ለመግደል የወጣው የዘመቻ ዕቅድ ስልሳ ነው። የገደልነው ሃምሳ ዘጠኝ። ነገ ግምገማ አለ፤ ኮሚቴው ደግሞ ሬሳ ሳይቆጥር አይፈርምም። ይሄው በእግሩ መጣልን።"

ዘመኑ የመቶ በመቶ ዘመን ነበር። ዘጠና ስምንት በመቶ የሠራ ሰው ምንም ካልሠራው ጋር እኩል ይወቀሳል፤ ይህን ሩሀማም ታውቃለች።

"ለምን ጎደለ ታዲያ? መርዝ የሚነሰነስበት ስጋ ተገዝቶ የለም?"

ኢሳያስ ሳቀ። ክብሪቱን ከአፉ አውጥቶ ጫፉ ላይ የቀረችውን ቁራጭ ስጋ አየና መልሶ ላሳት። "ስጋው ሁሉ መርዝ ተነስንሶበት ለውሻ ይሁን? ዛሬ ቢሮ ውስጥ ምሳ የበላነው ጥብስ ከየት የመጣ መሰለሽ? አንቺም በደንብ ጎርሰሻል፤ አሁን እንደ ባዕድ አትሁኚብኝ።"

የሩሀማን አፍ ምራቅ ሞላው። ጥብሱ ጥሩ ነበር፤ ቃሪያ እንዲጨመርበት የጠየቀችውም እሷ ነበረች። በረንዳው ዳር ጎንበስ ብላ ሁሉንም አስመለሰችው። የውሻው ልጋግ በውሃና በሳሙና ይጠራል፤ ይህኛው በምን እንደሚጠራ አላወቀችም። ሰውየውን ተጠየፈችው፤ ራሷንም ተጠየፈች።

"አረገዝሽ እንዴ?" አለ ኢሳያስ፣ አሁንም እየሳቀ።

አፏን ጠረገች። "መርዙን አልሰጥም።"

"እንግዲያው እኔ እሰጠዋለሁ። እዚህ ግቢ ካደረ ጠዋት ሬሳ ነው።"

ሩሀማ ወደ ሽማግሌው ተመለሰች። "አባቴ፣ እዚህ ትተውት አይሂዱ። ቤትዎ ይታሰር፤ እኔ ማንኪራ እየመጣሁ አየዋለሁ። አሁን ግን እስከ መኪና መናኸሪያው አብሬዎት እሄዳለሁ።"

"እነዚህ ሰዎች በድንጋይ ይጨርሱታል እኮ!"

"እኔ በአፉ በኩል እይዘዋለሁ። እርስዎ በኋላ እግሩ በኩል ያንሱት።"

አነሱት። ጭንቅላቱ ደረቷ ላይ አረፈ፤ ልጋጉ ነጭ ጋወኗን አረጠበው፤ ግን አልለቀቀችውም። በሩ ላይ የነበሩት ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

"ነገ ግምገማው ላይ እንገናኛለን!" ብሎ ጮኸ ኢሳያስ። "ግለ ሂስሽን አዘጋጅተሽ ነይ!"

"አዘጋጅቻለሁ" አለች ሳትዞር። "ከበላሁት ጥብስ ነው የምጀምረው።"