የድርቆሹ መንገድ

በመንደራችን በሮብኔ በረዶ የሚለካው በአንድ እንጨት ነው። ቀይና ነጭ የተቀባ፣ ከሰው የሚረዝም፣ ተንሸራታቾችን ወደ ተራራው ከሚስበው የገመድ መጎተቻ ቤት ፊት ለፊት የተተከለ እንጨት። በየማለዳው እዚያ ቆሜ በረዶው የደረሰበትን ቁጥር አነብና ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዬን አስሬ ወደ ደኑ እገባለሁ፤ እስኪመሽ የሚፈልገኝ የለም፣ እኔም የምፈልገው ሰው የለኝም።

በዚያ ሰኞ እንጨቱ ዜሮ አለ። ከደቡብ የመጣ ሙቅ ነፋስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ነፍሶ ተራራችንን ራቶቭኒክን ገሽልጦት ነበር። ዋናው ቁልቁለት ላይ ያለፈው ዓመት ሣር እንደ በሰበሰ ድመት ፀጉር ተለጥፎ ይታያል። ቅዳሜ ደግሞ የስኪ ውድድር ነው።

ይህ ውድድር እኛንና ጎረቤቶቻችንን የዛቬርህን ሰዎች በዓመት አንዴ የሚያፋጥጠን ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት በእኛ ተራራ ላይ ሲካሄድ ኖሯል። ደንቡ ግን እንዲህ ይላል፦ ከውድድሩ ሁለት ቀን በፊት የሮብኔ እንጨት ከሠላሳ ሴንቲሜትር በታች ካሳየ ውድድሩ ወደ ዛቬርህ ይሄዳል። ድሮ ይህ ማንንም አላስጨነቀም፤ እኛ ጋ ከሌለ እነሱም ጋ አይኖርም። አሁን ግን በረዶ የሚተፋ ማሽን አላቸው።

«አንዴ ከሄደ አይመለስም» አሉ እትዬ ፍራንትስካ። መጎተቻውን ሠላሳ ዓመት ያንቀሳቀሱት፣ የመንደሩ ስኪ ማኅበርም ሊቀመንበር እሳቸው ናቸው። ዜሮዬን እንደ መርዶ አዩት። «እዚያ አስፋልት አለ፣ የሞቀ አዳራሽ አለ። ማን አበደና ነው ተመልሶ እኛ ጭቃ ውስጥ የሚመጣው?»

«እትዬ፣ በረዶ እኮ አለ» አልኳቸው።

«የት?»

«ከተራራው ጀርባ፣ የድርቆሹ መንገድ ላይ። ከጉልበቴ በላይ ነው።»

«ማን አየው?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«አንዲት ቀበሮ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ባለፈው ዓመት ሰሌዳው ላይ «በረዶው ዛሬ የተኛ በግ ይመስላል» ብዬ ጽፌ፣ ሰው ሁሉ ስኪው ላይ ምን ዓይነት ሰም እንደሚቀባ ግራ ገብቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ የምናገረው ነገር ግማሹ እየተቀነሰ ነው የሚሰማልኝ።

«አንተ ከጉልበት በላይ ካልክ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይሆናል» አሉ። «እሺ፣ ና አሳየኝ።»

የድርቆሹን መንገድ ዛሬ የሚያስታውሱት ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። ድሮ በሞቃቱ ወራት ላይኛው ሜዳ ላይ የታጨደውን ሣር፣ በረዶ ሲወድቅ ጎማ በሌለው የእንጨት ጋሪ ቁልቁል እያንሸራተቱ ያወርዱበት ነበር። ትራክተር ሲመጣ ተረሳ። የተራራውን የሰሜን ጎን ይዞ በጥድ ጥላ ሥር እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ፀሐይ አያውቅም። ከመንደሩም አይታይም። እንጨቱን አያቶቻችን በፀሐያማው ጎን የተከሉት ለምን መሰላችሁ? ከመጠጥ ቤቱ መስኮት ስለሚታይ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ብርጭቋችንን ይዘን በመስኮት እያየን ተራራው በረዶ አለው፣ የለውም ስንል ኖርን። ዞር ብሎ ጀርባውን ያየ አልነበረም።

እትዬ ፍራንትስካ እያለከለኩ ወጡና ዱላቸውን በረዶው ውስጥ ሰደዱት። እስከ እጀታው ገባ። 

«ቀበሮዋ እውነቷን ነው» አሉ።

አንድ ችግር ግን ነበረብን። መንገዱ የሚያልቀው በአባባ ሎይዜ የድርቆሽ ቤት ውስጥ ነው። ጭነቱ በላይኛው በር ዘው ብሎ ገብቶ እዚያው እንዲራገፍ ነበር የተሠራው። ከበሩ በፊት መቆሚያ የለም፤ በአንድ በኩል የድንጋይ ግንብ፣ በሌላ በኩል ወንዝ ነው። በሩ ደግሞ ሃያ ዓመት በሚስማር ተጠርቅሞ ቆይቷል።

በዚያ መንገድ ጭነት ካወረዱት ሰዎች በሕይወት ያሉት አባባ ሎይዜ ብቻ ናቸው። የጎመን ሾርባቸውን እየጠጡ ሰሙን።

«አይሆንም» አሉ።

«ጋሼ፣ ለመንደሩ ሲሉ...» ብለው ጀመሩ እትዬ ፍራንትስካ።

«መንደሩ ትራክተር የገዛ ዕለት፣ ሎይዜ አንተና ጋሪህ ሙዚየም ግቡ አለኝ። ይኸው ገባሁ። ሙዚየሙ ደግሞ ዝግ ነው።»

እኔ ደግሞ ሲያስጨንቀኝ የቆየውን ጠየቅሁ። «አባባ፣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ጭነቱ እንዴት አልተገለበጠብዎትም? እኔ ሁልጊዜ እዚያ ነው የምወድቀው።»

«ሁልጊዜ? ስንት ጊዜ ወርደህበታል?»

«ዘንድሮ ወደ አርባ ጊዜ ይሆናል።»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ገደሉን ስለምትፈራ ወደ ተራራው ትደገፋለህ። ለዚህ ነው የምትወድቀው። ወደ ገደሉ ነው መደገፍ።» ከዚያ ወደ እትዬ ፍራንትስካ ዞሩ። «መንቀያ አለሽ? ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ፣ የምነቅለውም እኔ ነኝ። መጀመሪያ የሚገባው ግን ይሄ ልጅ ነው። ቆሞ።»

ሐሙስ ጠዋት ብሪጊታ ከዛቬርህ መጣች። የእነሱ ውድድር መርማሪ ናት፤ ቀይ ኮፍያ አድርጋ፣ የደንቡን ወረቀት ይዛ፣ ጭቃ ውስጥ ከቆመው እንጨት ፊት ሐዘንተኛ ለመምሰል ትሞክራለች። እትዬ ፍራንትስካ እንጨቱን ነቅለው አንዱን ጫፍ ለእኔ አሸከሙኝ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ደንቡን አንብቢው። እንጨቱ የት እንደሚተከል የተጻፈ ካለ አሳዪኝ።»

ሦስት ጊዜ አነበበች። «ጣሪያ ላይ ብትተክሉትም ግድ የለኝም» አለች በመጨረሻ። «መንገዱ ሰው የሚወርድበት መሆኑን ግን በራሴ እግር ነው የማየው። ማን ይመራኛል?»

«እሱ።»

«ይሄ? ስለ በግ የጻፈው?»

ዝናዬ እዚያ ድረስ መድረሱን ያኔ አወቅሁ።

ላይኛው ሜዳ ላይ ስንተክለው እንጨቱ ስልሳ አራት አለ። ብሪጊታ ቁጥሩን ጻፈች፣ መነጽሯን አወረደች፣ እኔም ተለቀቅሁ።

በረዶው እንደ ዱቄት ደረቅ ነበር፤ ከስኪዬ ሥር ሹክሹክታ ብቻ ይሰማል። የመጀመሪያውን መታጠፊያ አለፍኩ፣ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ ገደሉ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ፤ ሰውነቴ በሙሉ ወደ ተራራው ልደገፍ አለ። በሕይወቴ ሰው ፊት ምንም ነገር ሠርቼ አላውቅም። ብወድቅ ሃምሳ ስምንት ዓመት አብሮኝ ይወድቃል። ትከሻዬን ለባዶው አየር ሰጠሁት። ስኪዎቼ በረዶውን እንደ ጥርስ ነከሱት፣ መንገዱም እንደ ተፈታ ጥቅልል ከፊቴ ተዘረጋ። ከዚያ ግንቡ፣ ወንዙ፣ ወለል ብሎ የተከፈተው በር። የሣር ሽታ ፊቴን መታኝና ለመቆሚያ የተከመረው ድርቆሽ ውስጥ እስከ ወገቤ ገብቼ ቆምኩ። ቆሜ።

ብሪጊታ ተከትላኝ ገባች፣ እሷ እስከ ደረቷ። አፏ ውስጥ የገባውን ሣር ተፋችና ወረቀቷን በአባባ ሎይዜ ጀርባ ላይ ዘርግታ ፈረመች።

ቅዳሜ የድርቆሽ ቤቱ በሰው ተሞላ፤ ወጣቶቹ የጣሪያው ወራጅ ላይ እንደ ዶሮ ተደርድረዋል። አባባ ሎይዜ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡና ለሚያልፈው ሁሉ፣ ለእኛም ለዛቬርህም ሳያዳሉ፣ «ወደ ገደሉ፣ ወደ ገደሉ» ይላሉ። የእኛዎቹ ሰሟቸው። የዛቬርህ ሰዎች ግን ይሄ ሽማግሌ ሊገድለን ነው ብለው ወደ ተራራው ተደገፉ፣ ዘጠኙም በየተራ በረዶው ውስጥ ተቀበሩ። የዳቦ ጋጋሪያችን ልጅ ኔዥካ በሩን እንደ ጥይት ሰንጥቃ ስትገባ ጣሪያው ላይ የነበረው አቧራ ሁሉ ወረደ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ የሮብኔ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር አባቶቻችንም አላዩም።

ከሰዓት በኋላ ብሪጊታ ከፀጉሯ ሣር እየለቀመች እትዬ ፍራንትስካ ዘንድ መጣች።

«ያንን ሽማግሌ ከወንበሩ ካላስነሳችሁት ለዳኞቹ እከሳችኋለሁ።»

«እውነቱን ነው የነገራችሁ።»

«አሁንማ ገባን።» ኮፍያዋን አጠለቀች። «እሑድ እሑድ ክፍት ነው? ልጆቼን አምጥቼ ያቺን መታጠፊያ ላለማምዳቸው። ለከርሞ ስንመጣ እንዲህ አታገኙንም።»

 «ስንመጣ» ነው ያለችው፣ «ስትመጡ» አላለችም። እትዬ ፍራንትስካ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ።

«ክፍት ነው» አሉ። «እሱን ጠይቂው፣ መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው።»